ቲቸር፣ ጨረስኩ!

ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ከ«ጨረስኩ» የሚፈጥን ነገር አላየሁም። የመጨረሻውን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ጠመኔውን ሳላስቀምጥ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ጨረስኩ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሄጄ ሳየው ደብተሩ ላይ ያለው ቀኑ ብቻ ነው፤ እሱም የትናንቱ። ልጁን ውሸታም ማለት ግን አይቻልም። ዋናው ጉዳይ ከጎኑ ካለችው ልጅ ቀድሞ መናገሩ ነበር፤ እሱን ደግሞ በእርግጥም ጨርሷል። አንዱ ከጀመረ ሌላው አይቀርም። ሁሉም ደብተሩን እያውለበለበ ወደ ጠረጴዛዬ ይተማል። መሀል ላይ አንዷ «ቲቸር፣ እርሳሴን ወሰደብኝ» ትላለች፤ አንዱ «ቲቸር፣ ሽንት ቤት» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ቲቸር» ብሎ ዝም ይላል። የሚያስፈራኝ ይኼኛው ነው።

የማስተምረው ከጎሮ ወደ ሰሚት ሲኬድ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ነው። ቦሌ ሊያርፍ ጎማውን ዘርግቶ የሚመጣ አውሮፕላን ቆርቆሯችንን ሊነካ ምንም አይቀረው። ከዚያ በፊት ወደ መሀል ቦሌ ጠጋ ባለ የግል ትምህርት ቤት ነበርኩ። በ«ጨረስኩ» በኩል የሁለቱ ትምህርት ቤት ልጆች አይለያዩም። የሚለያዩት ወላጆቹ ናቸው፤ እሱን እመለስበታለሁ።

አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። የትምህርት ዕቅዴ ላይ እነዚህ 40 ደቂቃዎች በሰንጠረዥ ተሰድረው ሲታዩ ያምራሉ። መግቢያ 5 ደቂቃ፣ ዋናው ትምህርት 20፣ የቡድን ሥራ 10፣ ምዘናና ማጠቃለያ 5። «የመምህሩ ተግባር» የሚል ዓምድ አለ፤ «የተማሪው ተግባር» የሚልም አለ። በተማሪው ዓምድ ሥር «በጥሞና ያዳምጣሉ» ብዬ እጽፋለሁ። ዩኒት ሊደሯ ትፈርማለች። እሷም አስተምራ ስለምታውቅ፣ ስትፈርም ቀና ብላ አታየኝም።

ዕቅዱ ውስጥ ያልተጻፈው ይበዛል። በመቅረጫ ፍለጋ የሚያልቀው ጊዜ አልተጻፈም። የጠፋ ላጲስ ምርመራ፣ ምስክር ማሰማትና ይግባኝ አልተጻፉም። «ገባችሁ?» ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ብሎ የሚመልሰው፣ ከዚያ አንዱን ወደ ሰሌዳ ስጠራው ጠመኔውን ይዞ ጣሪያ ጣሪያ የሚያየው አልተጻፈም። አውሮፕላኑም አልተጻፈም።

አንድ ቀን ሱፐርቫይዘር ለክፍል ምልከታ መጡ። ከኋላ በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ እስኪደርስ ተጣጥፈው ተቀመጡ። ትምህርቱ የ2 ማባዣ ነበር። በዕቅዱ መሠረት ስንጥር ደርድረን ሁለት ሁለቱን እየለየን እንቆጥራለን። ስንጥሩ ገና ሳይከፋፈል ጣሪያው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልጆቹም ሱፐርቫይዘር አሉ ብለው አላፈሩም፣ ተነስተው መስኮቱ ላይ ተንጠላጠሉ።

«ድሪምላይነር ነው!»

«አይደለም፣ ኤርባስ ነው! መነጽር ያደረገው!»

እዚህ ላይ ልጆቹን ላመስግን። የኤርባስ 350 የአብራሪዎች መስኮት ዙሪያው ጥቁር ስለሆነ በእርግጥም ጥቁር መነጽር ያደረገ ነው የሚመስለው። እኔ ይህን ያወቅኩት ከእነሱ ነው። አየር መንገዳችን ድሪምላይነርን ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ኤርባስ 350 በ2008 ተከተለ። ሁለቱም እነዚህ ልጆች ሳይወለዱ የመጡ ናቸው። ለእነሱ አውሮፕላን ብርቅ አይደለም፤ እንደ ሰፈሩ ሰው በመልክ ነው የሚለዩት።

«ስንት ሞተር አለው?» አልኳቸው።

«ሁለት!»

«ሦስት ድሪምላይነር ቢመጣስ?»

«ስድስት!»

«አምስት ቢመጣስ?»

«አሥር!» ካሉ በኋላ አንዱ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ አምስት ከመጣ ግን አንደኛው አያርፍም፣ ዞሮ ይጠብቃል» አለ። እኔ ማባዣ አስተምራለሁ፤ እሱ የአየር ትራፊክ ይቆጣጠራል።

ስንጨርስ ሱፐርቫይዘሩ ጠሩኝ። «መምህርት፣ አውሮፕላኑ ዕቅዱ ላይ የት አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ከመስኮቱ ውጭ እንደነበር ነገርኳቸው። ቅጻቸውን አገላበጡ፤ አሰቡ፤ ከዚያ «በአካባቢ ከሚገኝ ቁሳቁስ የተዘጋጀ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ተጠቅማለች» ከሚለው አጠገብ ራይት አደረጉ። በስንት ቢሊዮን ብር የተገዛ ድሪምላይነር ከስንጥርና ከቆርኪ ጎን ተመዘገበልኝ።

ከዚያ ወዲህ ማባዣ የማስተምረው በመንገድ ነው። 2 በአውሮፕላን ሞተር፣ 3 በባጃጅ ጎማ፣ 4 በሚኒባስ። ልጆቹ ጠዋት ሲመጡ ጎሮ አደባባይ ላይ ስንት ባጃጅ እንዳዩ ይነግሩኛል፤ ጎማውን እናባዛለን። የሚኒባሱ ጥያቄ ግን አስቸገረኝ። «አንድ ታክሲ 12 ሰው ይጭናል። ሦስት ታክሲ ስንት ሰው ይጭናል?» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። መልሱ 36 ነው። አንዲት ልጅ 36 እና 48 ብላ ሁለት መልስ ጽፋ መጣች። ለምን ሁለት እንደሆነ ስጠይቃት «36 ትራፊክ ካለ ነው» አለችኝ። መልሷን ኤክስ ላደርገው እጄን ሰነዘርኩና ተውኩት። እኔም ጠዋት የመጣሁት አራተኛ ሆኜ በሦስት ሰው ወንበር ላይ ተጠጋግቼ ነው።

የሰዓት ትምህርት ሲደርስ ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው። ሒሳብ በአማርኛ ስለሆነ ትምህርት የሚጀመረው በ2 ሰዓት ነው። ደወሉ ተደውሎ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሲገባ ያው ትምህርት ቤት በ8 ሰዓት ይጀመራል። ሁለቱን ሰዓቶች ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ሥዬ ሳስረዳ፣ አንዱ ብልጥ «ቲቸር፣ ታዲያ ከነገ ጀምሮ በእንግሊዝኛው ሰዓት እንምጣ?» አለ። በእሱ ሒሳብ 8 ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው። ክፍሉ በሙሉ ደገፈው።

ጫጫታው ሳይበርድ አውሮፕላን ጥገና ውስጥ የሚሠራ አባት ያለው ልጅ ተነሳ። «አባዬ ሥራ ቦታ ግን ጠዋት ትምህርት ስንገባ 5 ሰዓት ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀበት። ልጁ ግን ትክክል ነው። በአቪዬሽን ዓለም ሁሉም ሰው የሚሠራበት አንድ ሰዓት አለ፤ እሱም ከኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 8 ሲሆን እነሱ ዘንድ 5 ነው። ስለዚህ ያችው አንዲት ደቂቃ፣ ልጆቹ ተሰልፈው ባንዲራ ሲሰቀል፣ እኛ ጋ 2፣ እንግሊዝኛ መጽሐፉ ላይ 8፣ ማረፊያው ጋ 5 ናት። ሦስተኛውን ሰዓት ሣልኩት። ልጁን ወደ ሰሌዳ አወጣሁትና እሱ አስረዳ፤ እኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። በደንብ ያስተምራል፤ አንድ ሁለት ልጆችን «ዝም በል!» ያለበት አነጋገር ግን የኔ ስለነበረ ደነገጥኩ።

በነገራችን ላይ የኛ ሰዓት ለልጅ የተመቸ ነው ባይ ነኝ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ግድም ወጥታ 12 ሰዓት ግድም ትጠልቃለች። ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሞላ 1 ሰዓት ነው፤ አለቀ። የፈረንጁ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ በዚያን ሰዓት ነቅቶ የሚቆጥር የስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ የለም።

የክፍላችን ግድግዳ ላይ ደግሞ አንድ የቆየ የከተማ ካርታ ተለጥፏል። አዲስ አበባ 10 ክፍለ ከተሞች አሏት ይላል። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ለሚ ኩራ የሚባል 11ኛ ክፍለ ከተማ ተመሥርቷል፤ ከልጆቹም ብዙዎቹ የሚኖሩት እዚያ ነው። አንዱ ካርታውን በጣቱ ሲከተል ቆይቶ ዞር አለና «ቲቸር፣ እኛ የለንም እንዴ?» አለኝ። ካርታው እስኪለወጥ ብንጠብቅ ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይደርሳል። ቀይ እስክሪብቶ ሰጠሁት፤ ሰፈሩን ከብቦ «11» ብሎ ጻፈበት።

ወደ ወላጆቹ ልምጣ። በግል ትምህርት ቤቱ ሳለሁ «ፕሮጀክት» የሚባል ነገር ነበር። «ሰፈራችሁን በካርቶን ሠርታችሁ አምጡ» ብዬ ዓርብ ላክሁ። ሰኞ ጠዋት ክፍሌ የገቡት ሰፈሮች የመብራት ኃይልን የሚያስቀኑ ነበሩ። የመንገድ መብራታቸው ይበራል። አንደኛው ላይማ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በባትሪ እየተንቀሳቀሰ ከአያት መገናኛ ይመላለሳል፤ ሳይበላሽ! ፕሮጀክቱን ሁለት እጅ ስለማይችለው ሹፌር ተሸክሞት ገባ፤ ልጁ ከኋላ ምሳ ዕቃውን ይዞ ተከተለ።

«ጎበዝ! ቤታችሁ የቱ ጋ ነው?» አልኩት።

አየ፤ ዞረው፤ ጎንበስ ብሎ በመስኮቶቹ አጮለቀ። «አባዬ ነው የሚያውቀው» አለ።

ከ10 9 ሰጠሁት። ማታ በቴሌግራም መልእክት መጣልኝ። «ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። አንድ ነጥብ የተቀነሰብኝ በምን ምክንያት እንደሆነ ቢያስረዱኝ?» ይላል። ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጻፉት አባትየው ናቸው፤ «የተቀነሰብኝ» ነው ያሉት። «አይዞዎት፣ በሚቀጥለው ይበርቱ» ብዬ መለስኩ።

በዚያው ሰኞ አንዲት ልጅ የመጣችው ሰፈሯን በክብሪት ቀፎ ሠርታ ነው። ሙጫው ገና አልደረቀም። ቤታቸው አንድ ቀፎ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ቀፎ ነው፤ የታክሲ መጠበቂያው ግን አምስት ቀፎ ሆኖ ከሁሉም ይበልጣል። ለምን እንዲህ ተለቀ ብላት «ብዙ የምንቆየው እዚያ ነው» አለች። ስለ ከተማ ትራንስፖርት ብዙ ስብሰባ ተሰብስቤ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ አጥርቶ የነገረኝ ግን የለም።

አሁን ባለሁበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ባትሪ የሚያስር አባት የለም፤ ወላጆቹ ጊዜውም የላቸውም። ግን ትልቅ ሰው ልጁ ውስጥ ገብቶ የሚሠራበት ሌላ መንገድ አይጠፋም። በሥዕል ክፍለ ጊዜ «ቤታችሁን ሣሉ» አልኳቸው። ክፍሉ በሙሉ አንድ ቤት ሣለ። ሦስት ማዕዘን ጣሪያ፣ መሀል ላይ በር፣ ግራና ቀኝ መስኮት፣ ከጀርባ ሁለት ተራራ፣ በተራራዎቹ መሀል ብቅ ያለች ፀሐይ፣ በጎን አንድ ዛፍ፤ ከፊት ለፊት የሚፈስ ወንዝም አለ። ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው።

«ይሄ የማን ቤት ነው?» አልኩት አንዱን።

«የኛ።»

«እናንተ አራተኛ ፎቅ አይደላችሁም እንዴ?»

«እሱማ የምንኖርበት ነው» አለኝ፤ እያዘነልኝ።

ያንን ባለ ወንዝ ቤት ማን እንዳስተማራቸው ግልጽ ነው። መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ አጥሩ ላይ ተስሎ የተቀበላቸው እሱ ነው። «እንግዲያው የምትኖሩበትን ሣሉልኝ» አልኩ። መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ይፈቀዳል እንዴ እንደማለት። ከዚያ ወረቀቱ ተለወጠ። ሮቶ መጣ፣ ዲሽ መጣ፣ በረንዳ ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስ መጣ፣ ሥጋ ቤቱና ጀበና ቡናው መጡ፣ የብሎኩ ቁጥር በትልቁ ተጻፈ። አንዷ ከወረቀቱ ሥር እስከ ጫፍ ደረጃ ብቻ ሣለች። ዚግዛግ ደረጃ፣ ሌላ ምንም የለም።

«ቤቱስ የታል?»

«ገና እየወጣሁ ነው።»

10 ከ10። ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ ውኃ በጀሪካን ያወጣ ሰው ይህን ውጤት አይከራከርም።

ሒሳብና ሥዕል በዚህ ይለፉ፤ ግብረ ገብ ግን ራሱን ችሎ ክፍሌ ውስጥ ይኖራል። ለስብሰባ ስጠራ ክፍሉን የምተወው ለአለቃ ነው። አለቃው ጠመኔ ይይዝና ሰሌዳው ላይ «የሚረብሹ» ብሎ ጽፎ ስም ይደረድራል፤ የባሰበት ስሙ አጠገብ ኤክስ ይጨመርበታል። አንድ ቀን ስመለስ ሰሌዳው ንጹሕ ነበር፤ ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ተጽፈው የጠፉ ስሞች ዱካ አለ። ምርመራው ረጅም ነው፣ ላሳጥረው። ታሪፍ ወጥቷል። አንድ ኤክስ ለማስጠፋት ግማሽ ብስኩት፣ ሙሉ ስም ለማስጠፋት አንድ ማስቲካ፤ ያውም ያልታኘከ። አለቃውን ስጠይቀው ፊቱ ምንም አልተለወጠም። «ቲቸር፣ እኔ አልጠየቅኩም፤ እነሱ ናቸው ያመጡልኝ» አለ። ይህን አባባል ከየት እንደሰማው አልጠየቅኩም። አለቃነቱን በየሳምንቱ አዟዟርኩት። ጉቦው አልጠፋም፤ ዋጋው ግን ወረደ።

አካባቢ ሳይንስ ላይ ስለ ስሜት ሕዋሳት ሳስተምር ደግሞ የሚረዱኝ መጋቢ እናቶች ናቸው። የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባውን በ2012 ዓ.ም. ካስፋፋ ወዲህ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ የሽንኩርቱ ቁሌት በመስኮት ይገባል። ዕቅድ ቢኖርም ባይኖርም ከዚያ በኋላ ማንም አያዳምጥም። ስለዚህ «ዐይናችሁን ጨፍኑ፤ ዛሬ ምሳ ምንድን ነው?» እላለሁ። «ምስር!» ይላል አንዱ፤ «ድንች!» ይላል ሌላው። አንዷ ዐይኗን ጨፍና በእርጋታ «ሩዝ ነው» አለች። በምን እንዳሸተተችው ስጠይቃት «አላሸተትኩም፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው» አለች። ይህ ቀልድ ሆኖ ይቅርና፣ ጠዋት ባዶ ሆዱን መጥቶ አንደኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠረጴዛው ላይ ይደፋ የነበረ ልጅ ዛሬ እጁን ሲያወጣ አይቻለሁ። ስለ ትምህርት ጥራት የሚጻፈው ሪፖርት ሁሉ ከዚያ ሽንኩርት ቢጀምር ደስ ይለኛል።

የቀረችኝ የቆርኪ ጉዳይ ናት። ለመደመርና ለመቀነስ ከቆርኪ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። አይሰበርም፣ አይጠፋም፣ ከጠፋም መንገድ ላይ ሌላ አለ። ልጆቹ በየመልኩ ይለዩታል፣ ያጋጥሙታል፣ በቁመት ደርድረው ግራፍ ይሠሩበታል። ባለፈው ግን ግራፉ ሌላ ነገር ነገረኝ። የኮካው፣ የሚሪንዳውና የአምቦው ዓምድ አጠር አጠር ብሎ ሲቀር፣ የአንድ ቢራ ዓምድ ብቻውን ጠረጴዛውን አቋርጦ ሄደ። ከዓምዱ አብዛኛውን ያመጣው አንድ ልጅ ነው። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ሲያየው ልጁ ቤተሰቡን ለመከላከል ተነሳ፤ «የአንድ ቀን አይደለም፣ የቅዳሜና የእሁድ ነው!»

በሚቀጥለው ቀን ከተላከው ቆርኪ ውስጥ አንድም የቢራ አልነበረም። አንዷ እናት ጭራሽ ከሞል የተገዛ ባለ ቀለም የፕላስቲክ መቁጠሪያ በሳጥኑ ልካለች። ያምራል፤ ልጅቷ ግን እንዳይቆሽሽ ተብላ ስለመጣች አንድም ጊዜ አልከፈተችውም፤ ከጎኗ ካለው ልጅ አራት ቆርኪ ተበድራ ነው የደመረችው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ሰኞ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 ቆርኪ ያስፈልጋል። ከሱቅ አትግዙ፣ ሠራተኛ አትላኩ፣ አጥባችሁ በላስቲክ አታሽጉ፤ ልጁ ራሱ ይልቀም፣ ራሱ ይቁጠር፣ 19 ይዞ ቢመጣም የጎደለችውን እዚህ እናገኛታለን። የቢራም ቢሆን እቀበላለሁ፤ ማን እንደጠጣው አልጠይቅም።